«ሥራው ይጠብቅሻል ወይ?» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ጭንቀታቸው ተቀራራቢ ነው። ኑሮ ተለውጧል፤ የለመድነው ዕቃ ከእጃችን ወጥቷል፤ ታዲያ አሁን በምን እንሥራ ነው ነገሩ። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋን ጠያቂ ረዘም አድርጌ እመልስላታለሁ። ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ፤ የእሷ ነገር የእኔም ነበር።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እንደምን አሉ? የዘይት ቀለም ሰዓሊ ነኝ። አዲስ አበባ ተምሬ ባሕር ዳር ከተመለስኩ ቆየሁ። ሽምብጥ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ከባለቤቴና ከሰባት ወር ልጄ ጋር እንኖራለን። ከወለድኩ ወዲህ ብሩሽ አልያዝኩም። ሽታው ለልጁ አይሆንም፤ ቀለሙም ዋጋው አይቀመስም። ልጁ ሲተኛልኝ ከልብስ ሰፊ ቤት የማመጣውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፋሁ ሥዕል መሥራት ጀመርኩ። ወድጄዋለሁ። አብረውኝ የተማሩት ግን "ድሪቶ ሰፊ ሆንሽ" እያሉ ይስቁብኛል። አንዱማ "ሰዓሊ የሚታወቀው አንድ መንገድ ይዞ ነው፤ አንቺ መንገዱ ጠፍቶብሻል" አለኝ። እውነቱን ይሆን? ወደ ሸራ ልመለስ ወይስ ልቀጥል?» (ከሽምብጥ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ከጓደኞችሽ በፊት ስለ ቤትሽ ልናገር። ተርፔንታይኑን፣ ያንን የዘይት ቀለም ማቅጠኛ፣ ማቆምሽ ልክ ነው። ከሕፃን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይሆንም፤ መስኮት ከፍተሽም አይሆንም። ሌላም አለ። ገና ዘይት ያለው የብሩሽ መጥረጊያ ጨርቅ በፌስታል ጠቅልለሽ አልጋ ሥር ያስቀመጥሽ እንደሆነ ዛሬውኑ አውጪው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል። ጨርቁ ተጠቅልሎ ከታፈነ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት እሳት ሊነሳ ይችላል። ግቢ ውስጥ ዘርግተሽ አድርቂው፤ ካልሆነም ውኃ ውስጥ ነክረሽ ጣይው። ብዙ ሰዓሊ ይህን አያውቅም፤ ለዚህ ነው ያነሳሁት።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ወሬ እንምጣ።

ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በሸራ ላይ በዘይት ቀለም ሠርቷል። በፍየል ቆዳ ላይ ሠርቷል። ከዛፍ ልጥ በተቀጠቀጠ ጨርቅ ላይም ሠርቷል። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ከከበደች ተክለአብ ጋር ሆኖ ዋሽንግተን ላለው ኤምባሲያችን የሠራው ደግሞ አሉሚኒየም ነው። የእስክንድር መሆኑን ለመለየት ግን ፊርማ ፍለጋ አትሄጂም። ከበደችን ራሷን ውሰጂ። ወደ 10 ዓመት ገደማ ሶማሊያ ውስጥ ታስራ ኖራለች። እዚያ ምን ሸራ አለ? ምን ቀለም አለ? ግጥም ጻፈች። ስትወጣ ደግሞ ሥዕሉንም ቅርጻ ቅርጹንም ያዘች። ኤልያስ ስሜም አለልሽ። የልብስ ቁልፍ ሰብስቦ፣ በክር ሰፍቶ፣ ዛሬ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ እየጠለፈ ነው የሚሠራው። ሥራው ውጭ አገር ሙዚየሞች ድረስ ገብቷል። ጓደኛሽ ለእነዚህ ሰዎችም «መንገድ ጠፍቶባችኋል» ይላቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ።

እኔ ዕቃ ስመርጥ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጥዬው ብነሳ ይጠብቀኛል ወይ?

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቀለሙ ማማር ነው። ዕቃ ግን ጊዜ ይበላል፤ አበላሉ ደግሞ ይለያያል። የዘይት ቀለም ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ዛሬ ትተሽው ነገ ትመለሺበታለሽ። በዚህ በኩል ታጋሽ ነው። ነገር ግን ማንም የማይነካው ግድግዳ ይፈልጋል፤ መዳህ የጀመረ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለም። አክሪሊክ ሽታው ይቀላል፣ በውኃ ይታጠባል፤ ግን ጥድፊያ ነው። ልጁ አልቅሶ አባብለሽው እስክትመለሺ ሳህኑ ላይ የጨመቅሽው ቀለም ደርቆ ቁጭ ብሏል። ጭቃ ደግሞ የባሰ ነው። በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል ካልሸፈንሽው ጠርዙ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። አንቺን ጠብቆ የደረቀ ጭቃ እስካሁን አላየሁም።

ክርስ? መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተሽ ትነሻለሽ። ከሳምንት በኋላ ስትመለሺ እዚያው ነው። (መርፌውን እንኳን ቆርቆሮ ውስጥ ክደኚው፤ ልጅ አለ።) ስለዚህ እህቴ፣ የሰባት ወር ልጅ ያላት ሰዓሊ መያዝ የሚገባትን ዕቃ ነው የያዝሽው። ይህን ማንም ሳይነግርሽ እጅሽ አውቆታል።

የራሴንም ልንገርሽ። ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሠፈር ነው። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው። የመጀመሪያ ሸራዬ እሱ ያመጣልኝ ብጣሽ ጨርቅ ነው። ዱቄት በውኃ አፍልቼ እቀባውና ሲደርቅ እስልበታለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄድኩና የዘይት ቀለም ተማርኩ። ተመልሼ አስተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ያኔ እኔም እንዳንቺው ክር ያዝኩ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ፣ አሁንስ ወደ ቀለሜ ልመለስ ስል እናቴ ታመመች።

ማስታመም ማለት መቀመጥ ነው። ቀን ከሌት አልጋ አጠገብ ትቀመጫለሽ። እናቴ ስፌት ሰፊ ነበረች፤ መሶቡ፣ ሰፌዱ፣ አገልግሉ ሁሉ በእጇ ያለፈ። አንድ ከሰዓት ላይ «ከምታፈጪብኝ ይህን ያዢ» ብላ ወስፌዋን ሰጠችኝ።

መርፌና ክር የለመደ ሰው ስፌት ይቀለኛል ይላል። ወፍ የለም! አክርማውን፣ መጠቅለያውን ሣር፣ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ፤ ደረቁን ካጠፍሽው ይሰበራል። በጥፍርሽ ሰንጥቀሽ ታቀጥኚዋለሽ። ከውስጥ የሚገባው ስንደዶ ውፍረቱ እኩል እንዲሆን በየመሀሉ እየጨመርሽ ትሄጃለሽ፤ ካሳሳሽው ዙሩ ያዘነብላል። ከዚያ በወስፌ ትበሻለሽ፣ አክርማውን ታሾልኪያለሽ፣ ትስቢያለሽ። ጉዱ ያለው መሳቡ ላይ ነው። ካላላሽው መሶቡ ይወላገዳል፤ ካጠበቅሽው አክርማው ይበጠሳል። እናቴ እንደተኛች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የሰፋሁትን ዙር በአውራ ጣቷ ትዳብሰዋለች። የላላው ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል። «ፍቺው» ትለኛለች። እፈታለሁ። አለላውን የምንነክርበትን ቀለም ከቅዳሜ ገበያ ነበር የምገዛው። ቀዩ ጥፍሬ ሥር ገብቶ አልወጣ ይለኝና ትምህርት ቤት ተማሪዎቼ እንሶስላ የሞቅሁ ይመስላቸው ነበር።

እሷ ካረፈች በኋላም ሰፋሁ። የእጄ አንጓ ሕመም አስተወኝ እንጂ ዛሬም እሰፋ ነበር። አሁን ወረቀት እሠራለሁ፤ ስለ እሱ ከታች ሌላ ጠያቂ አለኝ።

የአንቺ ጓደኛ ይህን ታሪክ ቢሰማ በእኔም መሳቁ አይቀርም። እኔ ግን ያኔ ስፌቱን ስተው ሁሉንም ሥራዬን፣ አሮጌውንም አዲሱንም፣ ወለሉ ላይ ደርድሬ አየሁት። ሸራውም ላይ፣ ጨርቁም ላይ፣ ሰዎቼ ሁሉ በረድፍ በረድፍ ተደራርበው ነው የቆሙት። ከታች አንድ ረድፍ፣ ከላዩ ሌላ፣ ከላዩ ሌላ፤ በየመሀሉ ቀጭን መስመር። ገበያተኛ ሴት ብሥልም እንደዚያው ነው፣ ዓሣ አስጋሪ ብሥልም እንደዚያው ነው። መሶብ ደግሞ ራሱ ዙር በዙር ላይ ነው የሚያድገው።

ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ። በልጅነቴ እናቴ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ትወስደኝ ነበር። (ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ ከጀልባ ላይ ነው የማውቀው። ሥዕሉን ወንድሞቼ ናቸው እያጋነኑ የሚያወሩልኝ።) የኡራን መቅደስ ግድግዳ ካየሽው ታውቂዋለሽ። ሰማዕታቱ፣ በፈረስ ያሉት ቅዱሳን፣ መላእክቱ፣ እላይ በላይ በረድፍ ተሰድረው ከታች እስከ ላይ ሞልተውታል። እግረ መንገዴን ልንገርሽ፤ ያ ሥዕል ጨርቅ ላይ ተስሎ የጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ድሪቶ ብሎ የሳቀበት ሰው ግን አላጋጠመኝም።

እንግዲህ አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። የሸራ ሥራዎችሽን ፎቶና የጨርቆቹን ፎቶ ስልክሽ ላይ አንድ ላይ ሰብስቢያቸው። ከዚያ ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አድርጊያቸው። ቀለሙ ሲወጣ የዘይቱ ወዝና የጨርቁ አበባ ዓይንሽን አያታልሉሽም። ደጋግሞ የሚመጣውን ፈልጊ። ምናልባት ሁልጊዜ አንድ ጥግ ባዶ ትተያለሽ። ምናልባት ፊት አትሥዪም። ምናልባት ትልቁ ነገር ሁሌም ከግራ ነው የሚገባው። ያንን ስታገኚ ለጓደኛሽ መልስ መስጠት አያስፈልግሽም፤ ወሬው ራሱ ይቀልልሻል።

አንድ ነገር ላይ ግን ልቆጣሽ። ሰልችቶሽ ዕቃ እንዳትቀይሪ። ኑሮ ሲያስገድድ መቀየር ሌላ፣ ከበደኝ ብሎ መሸሽ ሌላ። ክሩ ገና ሰባት ወሩ ነው። የሚያስቸግርሽን ቦታ ሳታልፊ «ደግሞ ሸክላ ልሞክር» ያልሽ ቀን ጓደኛሽ እውነቱን ይሆናል።

ስለ ጨርቁ ደግሞ ጥቂት ምክር። ከልብስ ሰፊ የምታመጪውን ሁሉ ሳትሰፊ እጠቢው። የሚኮማተረው ቀድሞ ይኮማተር፤ የሚለቀውም ቀለሙን ቀድሞ ይልቀቅ። አለዚያ አንዱ ቀይ ብጣሽ ነጩን ሁሉ ያበላሽብሻል። ከጀርባው አቡጀዲ ደርቢለት፤ ሲሰቀል አይወርድም። ቀለም የምትመርጪው በቀን ብርሃን ይሁን፣ ስፌቱን በማታም መብራት መሥራት ትችያለሽ። የተጨረሰውን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀዪ። የባሕር ዳር ፀሐይ የመጋረጃ ቀለም ምን እንደሚያደርግ አንቺም ታውቂያለሽ።

ወደ ሸራ ስለ መመለሱ አሁን አትወስኚ። ልጁ አድጎ፣ በር ያለው ሁለተኛ ክፍል ስታገኚ ያኔ እንደገና ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 68 ነው። በወጣትነቴ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምሬ ብራና ፍቄ፣ ጽፌ፣ ሐረግም (የመጽሐፉን ገጽ ጌጥ) ሥዬ ኖሬያለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቀጭን መስመር አልሆን አለኝ። ብርዑን ልስቀለው ወይ?» (ከጎርጎራ)

መልስ፦ አባቴ፣ አይስቀሉት። መጀመሪያ ግን ሐኪም ይይልዎት። የእጅ መንቀጥቀጥ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መድኃኒት የሚያሻሽለውም አለ። ቡናም ቀነስ ያድርጉ፤ ያባብሰዋል። ለጣና ዳር ሰው ቡና ተው ማለት ድፍረት መሆኑ ይገባኛል።

ሥራውን በተመለከተ፣ ከእኛ አገር ሩቅ የሆነ ሰው ልጥቀስልዎ። ማቲስ የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓሊ በ1941 (እ.ኤ.አ.) ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ ወዲያ እንደ ልቡ ቆሞ መሣል አልቻለም። አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በመቀስ ወረቀት መቁረጥ ያዘ። ወረቀቱን ቀለም የሚቀቡለት ረዳቶች ነበሩ። ቆርጦ «እዚህ ለጥፉት፣ ወደዚያ ሳቡት» ይላቸዋል። የመጨረሻ ዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

የእርስዎ ሙያ ደግሞ ከጥንትም የብዙ ሰው ነው። ብራና የሚፍቅ ሌላ፣ የሚጽፍ ሌላ፣ የሚሥል ሌላ የሆነበት መጽሐፍ ብዙ ነው። ስለዚህ የሠፈር ልጅ ይፈልጉና ቀጭኑን መስመር እሱ ያውጣው። ሐረጉ የት ታጥፎ የት እንደሚሻገር ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ጥላሸቱን መውቀጥ፣ ቀለሙን ማቅጠን፣ ቆዳው በቂ መፋቁን በጣት መፈተሽ፤ ይህ ሁሉ እጅ ቢንቀጠቀጥም ይሠራል። ሐረጉንም ራስዎ መሥራት ከፈለጉ ሰፋ ያድርጉት። ጣትን ትተው በክንድ የሚሣል፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ሐረግ ይሞክሩ። የተወጠረ ብራና አለዎት፤ ገጹን ሁሉ ለአንድ ሐረግ ይስጡት። ክረምት ላይ የሐይቁ እርጥበት ብራናውን ሲያጥፍብዎት ሁለት ሳንቃ መሀል አድርገው ይጫኑት፤ ይህን እንኳን እርስዎ ነዎት ለእኔ የሚያስተምሩኝ።

ጥያቄ፦ «የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። ቀለምና ወረቀት መግዣ እጅ አጥሮኛል። ከእምቦጭ ወረቀት ይሠራሉ ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነው?» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይሠራል። ግን ነፃ ወረቀት አገኘሁ ብለህ አትደሰት፤ ላቡ ብዙ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስንት ጉልበት እንደበላ ሰምተሃል። ከክብደቱ 95 በመቶ አካባቢ ውኃ ስለሆነ አንድ ጆንያ ሙሉ አምጥተህ ሲደርቅ የሚተርፍህ እፍኝ ነው።

ቅጠሉንና ሥሩን ትተህ አገዳውን ብቻ ውሰድ። ከትፈህ ፀሐይ ላይ አድርቀው። ከዚያ በአመድ ውኃ ለሰዓታት ቀቅለው፤ በጣትህ ስታሸው መፈራረስ አለበት። የአመድ ውኃ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት አድርግ። ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግመህ እጠበው፣ ከዚያ በሙቀጫ ውቀጠው። ለብቻው ስታደርቀው ድርቅ ይልና ሲታጠፍ ይሰበራል። እኔ ተዘፍዝፎ የተፈጨ አሮጌ ደብተር እቀላቅልበታለሁ። ድብልቁን ሰፊ ሳፋ ውስጥ በውኃ በጥብጠው። ወንፊት የተወጠረበትን ፍሬም ከሥር አስገብተህ ሳታዘነብል አንሳው። ስታነሳ ትንሽ ወዝወዝ አድርገው፣ ጭረቱ እርስ በርሱ እንዲያያዝ። አቡጀዲ ላይ ገልብጠው፣ ድንጋይ ጫንበት፣ አድርቀው። ቀለም እንዳይሰፋበት በላዩ ቀጭን የስታርች ውኃ ቀባ አድርግ።

ቀለሙ ወደ ቡኒ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ስታነሳው ይንኮሻኮሻል። እኔ እላዩ ላይ ትንሽ ነው የምሥለው፤ ወረቀቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ደግሞ ስማኝ፤ የተረፈውን ሥርና አበባ ቦይ ውስጥ እንዳትጥል። ከውኃ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ይድረቅ። ዘሩ ለዓመታት ተኝቶ ይበቅላል። ለአንድ ቅጠል ወረቀት ብለህ ሌላ ቦታ እንዳታዛምተው።

ጥያቄ፦ «አንድ ሆቴል ሦስት ሥዕሎች ሊገዛኝ ነው። ስንት ልበል? "በኋላ እንከፍልሃለን" ቢሉኝስ?» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የዕቃውን ወጪ ጻፍ። የሠራህበትን ቀን ቁጠርና አንድ ጥሩ አናጺ በቀን በሚያገኘው አባዛው። ሁለቱን ደምር፤ ከዚያ በታች እንዳትወርድ። ከዚያ በላይ የምትጠይቀው ስምህ ነው፤ እሱን አንተ ታውቃለህ። «በኋላ» ካሉህ ግማሹን ቀብድ ተቀበል፣ የቀረውን መቼ እንደሚከፍሉ በወረቀት አስፈርም። ፍሬሙን ማን እንደሚያሠራም አብረህ ጻፈው፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።